ከገጹ ግርጌ ያለው ቃል

ሬጊስ የደወለው ማክሰኞ ጠዋት፣ ብላንዲን የአሮጌ መጻሕፍት መደብሩን የብረት መዝጊያ ገና ወደ ላይ እየገፋች ሳለ ነው። ስልኩ ከውስጥ ይጮኻል። ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ መብራትም ሳታበራ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል በልምድ አልፋ አነሳችው።

"ማድሟዜል ሻሬል? ሬጊስ ነኝ፤ የሙሴ ቴቬኑ የወንድም ልጅ። ከቱሎን።"

"አወቅሁዎት" አለች። በስልክ እንጂ በአካል ተያይተው አያውቁም።

"በአጭሩ ልንገርዎት። አጎቴን ጋስፓርን ወደዚህ ላመጣው ነው። ከቤታችን አጠገብ ካለው የአረጋውያን መኖሪያ አንድ ክፍል ተለቋል።"

ብላንዲን "ለምን?" ልትል ፈልጋ "እሺ" አለች።

"ሐኪሙን አማክሬያለሁ" አለ ሬጊስ፣ ያልተጠየቀውን እየመለሰ። "ሰው የሚለይ በሽተኛ ከለመደው ቦታ ሲነቀል ይጎዳል አለኝ። ማንንም የማይለይ ከሆነ ግን ሊዮንም ሆነ ቱሎን ለእሱ ያው ነው። እዚያ አንድ እንኳን የሚያውቀው ሰው ካለ አልነካውም። ክፉ ሰው አይደለሁም፣ ማድሟዜል።"

"እኔን ያውቁኛል።"

ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። እንዲያ ተጣድፋ ተናግራ አታውቅም።

"እርግጠኛ ነዎት?"

እርግጠኛ አልነበረችም። ሐሙስ ሐሙስ መደብሩን ትዘጋና ወደ ክሩዋ-ሩስ ኮረብታ ወጥታ፣ ካሉበት የአረጋውያን መኖሪያ ትጠይቃቸዋለች። ሮዝ ስኳር የለበሰ ለውዝ የተጋገረበት ዳቦ ትወስድላቸዋለች። እሳቸው ይበላሉ፣ በመስኮቱ የሶንን ወንዝ ያያሉ፤ እሷም ታያለች። ድሮም መደብሩ ውስጥ እንዲያ ነበሩ፤ ዝም ብለው። ስለዚህ የአሁኑ ዝምታ የድሮው ይሁን ሌላ፣ ልትለየው አልቻለችም። ባለፉት ሳምንታት ከአፋቸው የወጣው ብቸኛ ቃል "ጥሩ ነው" የሚል ነበር፤ እሱም ለዳቦው።

"ሐሙስ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ" አለ ሬጊስ።

"መጽሐፍ ይዤ ብመጣ ቅር ይልዎታል? ዜና መዋዕሉን።"

"ከፈለጉ ፈረስም ይዘው ይምጡ" ብሎ ሳቀና ስልኩን ዘጋ።

መጽሐፉ የጥንት የፍራንኮች ነገሥታት ዜና መዋዕል ነው። ስሙ በውል የማይታወቅ አንድ መነኩሴ የጻፈው፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት እዚያው ሊዮን ውስጥ የታተመ፣ በብራና የተለበደ፣ ላይኛው ጥጉን ውሃ የነካው መጽሐፍ። ሙሴ ቴቬኑ ገዝተው ካስገቡት ጀምሮ ዋጋ ጽፈውበት አያውቁም። ደንበኛ ሲጠይቅ "ገና አላጣራነውም" ይላሉ። አጣርተውታል፤ ያውም ደጋግመው።

ማጣራት ማለት እንዲህ ነው። በእነዚያ አሮጌ መጻሕፍት ውስጥ ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ፣ ከመጨረሻው መስመር በታች በስተቀኝ፣ አንዲት ቃል ለብቻዋ ትቀመጣለች። የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምርባት ቃል ናት። ጠራዡ ቅጠሎቹን እንዳያዘበራርቅ አታሚው ያስቀመጣት ምልክት ስትሆን፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ "ጠሪ" ትባላለች። ጠሪዋና የሚቀጥለው ገጽ ካልተስማሙ በመካከል አንድ ነገር ጎድሏል። በሙሴ ቴቬኑ መደብር ይህ ሥራ የሚሠራው ለሁለት ነበር። ብላንዲን የግርጌዋን ቃል ጮክ ብላ ታነባለች፤ እሳቸው ቅጠሉን ገልብጠው የላይኛዋን ቃል ጮክ ብለው ይመልሳሉ። "ንጉሡም" ትላለች። "ንጉሡም" ይላሉ። "ከዚያም።" "ከዚያም።" ከሰዓት በኋላው እንዲሁ ያልፋል። ሌላ ወሬ የለም።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ እርስዎ ይሏታል፤ እሷም እርስዎ ትላቸዋለች። በዚያ ቤት ድመቷ እንኳን እርስዎ የምትባል ይመስል ነበር። አንድ የገና ዋዜማ ላይ ሙሴ ቴቬኑ ሁለት ብርጭቆ ወይን ቀዱ፣ አንዱን አቀበሏት፣ የራሳቸውን ከፍ አድርገው "እንግዲህ፣ ብላንዲን…" አሉና ቆሙ። እሷ ጠበቀች። ያን ያህል ዓመት አብረው ሠርተው አንቺ ቢሏት ማንም አይገረምም ነበር። ሙሴ ቴቬኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "በጥር ወር መደርደሪያዎቹን ቢያስጠርጉ ጥሩ ነው" አሉ። ብላንዲን ወይኗን ጠጣች፤ በጥርም መደርደሪያዎቹን አስጠረገች።

የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ወዲህ የምታጣራው ብቻዋን ነው። መጀመሪያ ላይ ጠሪዋን ጮክ ብላ ታነብ ነበር። ቅጠሉን ስትገለብጥ ግን ቤቱ ጭጭ ይላል፤ እያደር በልቧ ማንበብ ጀመረች። ማታ ማታ ሾርባ ታሞቃለች፣ ሬዲዮ ትከፍታለች፤ አንዳንድ ቀን ከመደብሩ ደንበኛ በቀር ከማንም ጋር ሳትነጋገር ትተኛለች። ሐሙስ ባይኖር ኖሮ፣ ማንም ሳያስተውል ዓመት ዝም ማለት ትችል ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን በፎጣ ጠቅልላ፣ በአሮጌ የጉዞ ሻንጣ ይዛ፣ ወደ ኮረብታው በሚወጣው ሜትሮ ሄደች። ሻንጣውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው። ጭጋግ ነበር።

ዛሂያ የምትባለው አስታማሚ የሻይ ጋሪዋን እየገፋች ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት።

"ብላንዲንዬ! ዛሬ ደግሞ ከነሻንጣሽ? ልትጠልፊያቸው ነው?"

"መጽሐፍ ነው።"

"እኔማ የጫጉላ ሽርሽር መስሎኝ!" ዛሂያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የወንድማቸው ልጅ መጥቷል። ሽቶው ከሊፍቱ ጀምሮ ይቀበልሻል። ሽማግሌው ግን ዛሬ ደህና ናቸው። ጠዋት ዳይሬክተሯን 'አንቺ፣ ቁልፍሽን አታንሿኪ' ብለዋታል።"

"ሙሴ ቴቬኑ? አንቺ ብለው?"

"ለማን የማይሉት አለ? ለቅዱሳን በዓል ጳጳሱ ሊባርኩ መጥተው 'አንተ፣ በሩን ዝጋ፣ ብርድ አስገባህ' ሲሏቸው ልሞት ነበር። ጳጳሱም ዘጉ፤ ምን ያድርጉ።"

ብላንዲን ፈገግ አለች። ለሁሉም አንተና አንቺ የሚሉ ከሆነ፣ ዛሬ ለእሷም ይሉ ይሆናል።

ሬጊስ ረጅም፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ ደህና የለበሰ ሰው ነው። ከአጎቱ ወንበር አጠገብ ቆሞ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ እሷ ራመድ አለና በአክብሮት ጨበጣት።

"አየሁት" አለ። "ጆርጅ አለኝ። አባቴ መስዬው ነው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ቢሆንም 'ጆርጅ፣ አንተ፣ ጫማህን አውልቅ' አለኝ። ደም ነው መቼም። ደም አይረሳም።"

"እኔንም አንቺ ይሉኛል" አለች ዛሂያ፣ ሻይ እየቀዳች።

"እርስዎ በየቀኑ ያጥቡታል። እሱ መላመድ ነው።"

ሙሴ ቴቬኑ ባለ ክንድ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ክራቫት አስረዋል፤ ዛሂያ ናት ያሰረችላቸው፤ ዘመም ብሏል። ብላንዲን እንደ ሁልጊዜው "እንደምን ዋሉ፣ ሙሴ ቴቬኑ" አለች። አዩዋትና ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ዳቦውን ትታ ሻንጣውን ከፈተች፤ ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መጽሐፉን አስቀመጠችበት።

የብራናው ሽታ ሳይደርሳቸው አልቀረም። ዞሩ። እንዳይነሳ የሚጫኑት ይመስል እጃቸውን ሽፋኑ ላይ አሳረፉ። ከዚያ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያለውን አጉሊ መነጽር አነሱ።

ብላንዲን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ከፈተችው። የግርጌዋን ቃል አነበበች።

"ንጉሡም።"

ሙሴ ቴቬኑ ቅጠሉን ከላይኛው ጥግ ይዘው ገለበጡ። መነጽራቸውን አስጠጉ።

"ንጉሡም" አሉ።

ድምፃቸው የመደብሩ ድምፅ ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ ሻከር ያለ። ብላንዲን ቀና ብላ ሬጊስን ለማየት ደፈረች። እሱ ሻዩን ይጠጣል።

"ልጁን።"

"ልጁን።"

"ወደ።"

"ወደ።"

ዛሂያ ጋሪዋን ይዛ መሄዷን ትታ በሩ ላይ ቆመች። ሬጊስ ጥቂት ገጽ ታገሠና ስኒውን አስቀመጠ።

"ይህ ያው የገደል ማሚቶ ነው" አለ። ለመሳደብ አልነበረም፤ አዝኖ ነው። "ማንበብ እንደሚችል አውቃለሁ፣ ማድሟዜል። ባለፈው ጊዜ የመድኃኒቱን ካርቶን ሁሉ አንብቦልኛል። ማንበብ ግን ሰው መለየት አይደለም።"

ብላንዲን ተጣደፈች። ውሃ በነካው ጥግ ሁለት ቅጠሎች ተጣብቀው ነበር። ልታግዛቸው ብላ ስትገለብጥ ሁለቱም አብረው ዞሩ። ሙሴ ቴቬኑ ቃሏን ፈለጉ፤ አላገኟትም። መነጽሩን አስቀመጡ።

"ማድሟዜል" አሉ፣ "ሁለት ገለበጡ። ይመልሱት።"

ገለበጡ፤ ይመልሱት። ዳይሬክተሯን አንቺ፣ ጳጳሱን አንተ የሚሉ ሰው፣ ለእሷ እርስዎ አሉ። በዓለም ላይ እርስዎ የምትባል አንዲት ሰው ቀርታላቸው ነበር፤ ያቺም ብላንዲን ነበረች። ዛሂያም ሰምታለች፤ በሩ ላይ ሆና ቅንድቦቿን ከፍ አደረገች።

"ሰሙ?" አለች ብላንዲን።

"ሰማሁ" አለ ሬጊስ፣ በቀስታ። "እርስዎ አለዎት።"

"አዎ!"

"ማድሟዜል… እኔም እርስዎን እርስዎ እላለሁ። የተያየነው ገና ዛሬ ነው። ስንት ዓመት አብራችሁ ሠራችሁ?"

"አሥራ ስምንት።"

"እኔን በሕይወቱ አሥር ጊዜ ቢያየኝ ነው፤ ግን አንተ አለኝ። ይህችን ልጅ አንቺ ይላታል። ለእርስዎ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መንገድ ላይ አቅጣጫ እንደሚጠይቃት ሴት ነው የተናገረው።"

"ሁልጊዜ እርስዎ ነው የሚሉኝ።"

"ሁልጊዜ? አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ?" ሬጊስ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። "እንግዲያው መቼ ነው የተዋወቃችሁት?"

ብላንዲን ልታስረዳው ፈለገች። ግን ከየት ትጀምር? አንድ ቀን ጃንጥላቸውን እንደሰጧት? አንፍሉዌንዛ ሲይዛት ለደንበኞች "ማድሟዜል ሻሬል እስኪመለሱ ምንም አንሸጥም" ማለታቸውን፣ እሱንም ከደንበኞቹ መስማቷን? እያንዳንዱ ነገር ገና ከአፏ ሳይወጣ ትንሽ ሆነባት። ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር አልነበረም።

"ሳሚያቸው" አለች ዛሂያ ከበሩ፣ ሳቋን አፍና። "አንዴ ብትስሚያቸው ምናልባት ይነቃሉ።"

"ተይ እባክሽ" አለች ብላንዲን ቀልታ።

ግን ሬጊስ ሰዓቱን አየ። ያን ስታይ ብላንዲን ያላሰበችውን አደረገች። ወንበሯን አስጠጋች፣ እጇን በሙሴ ቴቬኑ እጅ ላይ አኖረች። ቆዳቸው እንደ መጽሐፉ ሽፋን ቀዝቃዛና ደረቅ ነበር። ነክታቸው አታውቅም ነበር።

"ጋስፓር" አለች። "እኔ ነኝ። ብላንዲን ነኝ። አታውቀኝም?"

ሙሴ ቴቬኑ እጃቸውን ከሥሯ ስበው አወጡ። መጀመሪያ እጃቸውን፣ ቀጥሎ እሷን አዩ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ዛሂያ አዞሩ።

"አንቺ፣ እኚህ ሴትዮ ማናቸው?" አሉ። "ማን ነው ያስገባቸው?"

ዛሂያ ጋሪዋን ይዛ ሄደች፤ ስኒዎቹ ኮሪደሩን እስኪጨርሱ ሲንጫጩ ተሰሙ። ሬጊስ ካፖርቱን አነሳ።

"በቃ፣ ማድሟዜል" አለ። ድምፁ ደግ ነበር፤ ያ ነው የከፋው። "ዳይሬክተሯ ዘንድ ወርጄ ልፈርም። እስክመለስ አብረውት ይቀመጡ።"

ብላንዲን ፎጣውን አጣጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው። ጥፋቷ ገብቷታል። የሚያውቋት ብላንዲን አንተ የምትል ሴት አይደለችም። ያቺን ብላንዲን በገዛ አፏ ከክፍሉ አስወጣቻት፤ በቦታዋ የተቀመጠችው ሴት እውነትም ማናት?

ሙሴ ቴቬኑ መጽሐፉን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ እንግዳ ቤታቸው እንደመጣበት ሰው በጨዋነት ጎንበስ አሉ።

"የመጽሐፍ ሰው ነዎት?"

"ትንሽ" አለች። "እየተማርኩ ነው።"

"ደግ ነው። ምራቅ የነካው ጣት አያስጠጉበት። ቅጠሉን ከታች ሳይሆን ከላይ ይያዙ።" በጣታቸው አሳዩዋት። "ይህችን ቃል ያያሉ? ከግርጌ ያለችውን? ጠሪ ትባላለች።"

"ምን ታደርጋለች?"

አስረዷት። እሷም መጀመሪያ እንደምትሰማ ሆና አዳመጠች። ስለ ጠራዡ፣ ስለ ተዘበራረቁ ቅጠሎች ነገሯት። ቃላቸው አልተደናቀፈም።

"ስለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል" አለች። "አንዱ ሊጠራ፣ አንዱ ሊመልስ።"

"ኧረ ሁለት ሰው ምን ሊያደርግ!" አሉ ሙሴ ቴቬኑ። "አንድ ሰው ዝም ብሎ በዓይኑ ይጨርሰዋል። በሊዮን ያሉ ነጋዴዎች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሠሩት። ለሁለት ማንበብ እኔ ያመጣሁት ነገር ነው።"

"ለምን?"

መነጽሩን አገላበጡት። መልሱ የጠፋባቸው መሰላት። መስኮቱ ላይ ጭጋጉ ከወንዙ ተነስቶ ጣራዎቹን እየሸፈነ ነበር።

"አብራኝ የምትሠራ ልጅ ነበረች" አሉ። "አትናገርም። እኔም አልናገርም። አንድ ክረምት ሙሉ እሳቱ ብቻ ነበር የሚያወራው። ምን ብዬ ላናግራት? ሽማግሌ ነኝ፤ የማይሆን ነገር ታስባለች አልኩ። እና ማጣራት እንዲህ ነው የሚሠራው አልኳት። አመነችኝ።" ትንሽ ሳቁ። "ድምጿ ጥሩ ነበር። መጽሐፉን ስንጨርስ ከመጀመሪያው እንጀምር እላት ነበር፤ የሆነ ቦታ የተሳሳትን ይመስለኛል ብዬ። አንድም ቀን አልተሳሳትንም።"

ብላንዲን ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

"ልጅቷ አወቀች?" አለች በመጨረሻ።

"ምኑን?"

"ለእሷ ብለው እንዳደረጉት።"

"በምን ታውቃለች? አልነገርኳትማ።"

ሬጊስ በሩ ላይ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላየችም። በእጁ የታጠፈ ወረቀት ይዟል።

"ስለማን ነው የሚያወራው?" አለ በሹክሹክታ።

ለአፍታ "እንጃ" ልትል አሰበች። አላለችም።

"ስለ እኔ ነው።"

ሬጊስ አጎቱን አየ፣ እሷን አየ፣ መጽሐፉን አየ።

"አምንዎታለሁ" አለ። "እውነቴን ነው። ግን አሁን ያወቁት እርስዎ ነዎት፣ ማድሟዜል፤ እሱ አይደለም።" ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። "ሰኞ መኪና ይመጣል። እኔ ታች እጠብቃለሁ። ካልቸኮሉ… ይጨርሱ።"

በሩን ሳይዘጋው ሄደ። እርምጃው ደረጃው ላይ ጠፋ።

"አስቸገሩን" አሉ ሙሴ ቴቬኑ። "የት ደርሰን ነበር? እርስዎ ይጥሩ፤ እኔ እመልሳለሁ። ድምፅዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉት እንጂ፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም።"

ብላንዲን የተጣበቁትን ሁለት ቅጠሎች በጥፍሯ ጫፍ ቀስ አድርጋ አላቀቀች። ጎንበስ ብላ ከገጹ ግርጌ ያለውን ቃል ፈለገች፤ ዓይኗ ስለረጠበ ፊደሎቹ ወዲያው አልታዩዋትም፤ ቃሉ ግን ጠበቃት። ከዚያ በማታውቀው ከፍ ያለ ድምፅ አነበበችው።